ትራክተሩ ለምን ቆመ?

 

ስለ ትራክተር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ጉልበቱ ነው። የስንት ጥማድ በሬ ሥራ እንደሚሠራ፣ በቀን ስንት ሄክታር እንደሚያርስ ይነገራል። እኛ ግን ዛሬ የምናወራው ስለ ቆመ ትራክተር ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ ጢሱ እየወጣ፣ ጎማው አልዞር ብሎ እርሻ መካከል ስለ ቆመ ትራክተር።

እስቲ ይህን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ወሩ ሰኔ ነው። ቦታው ከሚሴ አጠገብ ያለው የጨፋ ሜዳ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ መሬቱ ለስልሷል። አንድ ገበሬ አሮጌ ትራክተር በሰዓት ተከራይቶ አምጥቷል። ሹፌሩ ማርሽ ያስገባል። ፍሪሲዮኑን ይለቃል። ሞተሩ ያጓራል፤ ትራክተሩ ግን ንቅንቅ አይልም።

«ምን ሆነ፣ የኔ ልጅ?» ይላል ገበሬው።

«ካምቢዮ ነው፣ አያ። አለቀለት» ይላል ሹፌሩ።

ገበሬው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ደመናው ከብዷል። የጨፋ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ እንደ ድንጋይም ይጠነክራል። ውሃ ሲጠግብ ደግሞ ይጨቀያል፤ በሬም ትራክተርም አያስገባም። በሁለቱ መካከል ያለው ለእርሻ የሚመች ጊዜ አጭር ነው። ያ ጊዜ ካለፈ የዘንድሮው ማሽላ ምን ሊሆን ነው? ለካምቢዮ የሚሆን ገንዘብስ ከየት ይመጣል?

ታዲያ ሹፌሩ «ካምቢዮ ነው» ያለው እውነት ነው ወይ? ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ጥፋቱ ከካምቢዮው በፊት ባለ ትንሽ ነገር ላይ ሆኖ፣ ካምቢዮው ያለ ኃጢአቱ ይፈታል። ይህን ለመረዳት ትራክተር ወደዚህ ሜዳ እንዴት እንደ መጣ፣ ሆዱ ውስጥስ ምን ይዞ እንደ መጣ ከሥሩ ማየት ይጠቅመናል።

ከቃሉ እንጀምር። «ካምቢዮ» የጣልያንኛ ቃል ነው። ትርጉሙ መለወጥ ማለት ነው። ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ዲስኮ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሞላ፣ እነዚህም ሁሉ ከዚያው ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የፋሺስት ጣልያን ጦር አገራችንን ወርሮ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ለጦር መኪናዎቹ መንገድ ሠርቶ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አልፎ ደሴ የሚገባው መንገድ በዚያ ዘመን የተሠራ ነው። ከመኪናው ጋር መኪና የሚጠግኑ ጋራዦችም መጡ። ወራሪው ተባረረ፤ መንገዱና ቃሉ ግን ቀረ። ዛሬ ከሚሴ ውስጥ አንድ ወጣት ሜካኒክ «ኩሽኔታው አልቋል» ሲል ጣልያንኛ መናገሩን ልብ አይለውም። እኛም አንለውም። ቃሉ የእኛ ሆኗል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሞተር ሲያርስ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። ትልቁ የኋላ ጎማ ግን እርሻ ላይ በደቂቃ 20 ጊዜ ያህል ቢዞር ነው። እስቲ 2,000ን ለ20 አካፍሉ። 100 ይመጣል። ይህም ማለት ሞተሩ መቶ ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ዙሩ በቀነሰ መጠን ጉልበቱ ይጨምራል። ማረሻውን ከዋልካ ውስጥ የሚጎትተው ይህ የጨመረው ጉልበት ነው።

ይህን የሚያደርጉት ጥርስ ያላቸው ክብ ብረቶች ናቸው። ማርሽ የምንላቸው እነርሱን ነው። ካምቢዮ ማለት ማርሾቹ በዘይት ተነክረው የተቀመጡበት ሣጥን ነው። ከካምቢዮው በስተኋላ ዲፈረንሻል አለ። ዲፈረንሻል ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ ያካፍላል። ትራክተሩ ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጡ ጎማ ፈጥኖ እንዲዞር የሚፈቅደውም እርሱ ነው። ከካምቢዮው በስተፊት ደግሞ ፍሪሲዮን አለ። ፍሪሲዮን ሞተሩንና ካምቢዮውን ያገናኛል፣ ይለያያልም። ፔዳሉን ስትረግጡ ይለያያሉ፤ ስትለቁ ይገናኛሉ።

እንግዲህ መስመሩ እንዲህ ነው፤ ሞተር፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል፣ ጎማ። ይህን መስመር በቃላችሁ ያዙት። ኋላ እንመለስበታለን።

ካምቢዮ ሁልጊዜ እንዲህ የተወሳሰበ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካዊው ሄንሪ ፎርድ ፎርድሰን የተባለውን ትራክተር በብዛት መሥራት ጀመረ። ፎርድሰን ወደ ፊት ሦስት፣ ወደ ኋላ አንድ ማርሽ ብቻ ነበረው። ከኋላ ጎማውን የሚያዞረው ማርሽ ግን እንደ ቡሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ነበር። ብረት ከብረት ጋር በጣም ስለሚፋተግ ያግል ነበር። ይህ ደግሞ ልክ ከመቀመጫው ሥር ነው። የዚያ ዘመን ሹፌር የማርሹን ሙቀት በመቀመጫው ያውቀው ነበር!

እ.ኤ.አ. በ1946 የሰሜን አየርላንዱ ተወላጅ ሃሪ ፈርጉሰን ትንሽ ግራጫ ትራክተር በእንግሊዝ አገር ማሠራት ጀመረ። የእርሱ ወደ ፊት አራት ማርሽ ነበረው። የፈርጉሰን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1953 ማሲ ሃሪስ ከተባለ የካናዳ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ። ማሲ ፈርጉሰን የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ማሲ ፈርጉሰን 135 ወደ ፊት ስድስት፣ ወደ ኋላ ሁለት ማርሽ አለው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ሚንስክ ከተማ ያለው ፋብሪካ ቤላሩስ 80 የሚባለውን ትራክተር ማምረት ጀመረ። እርሱ ወደ ፊት 18፣ ወደ ኋላ 4 ማርሽ አለው።

3፣ 4፣ 6፣ 18። ቁጥሩ እንዴት እንዳደገ አያችሁ? ለሚያውቀው ሰው ብዙ ማርሽ ብዙ ምርጫ ነው። ለጠንካራ መሬት አንዱን፣ ለለስላሳ መሬት ሌላውን ይመርጣል። ለማያውቀው ግን ጭንቅ ነው። በግምት አንዱን ያስገባል፣ ሞተሩም ካምቢዮውም አብረው ይሠቃያሉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሰፋፊ የንግድ እርሻዎችን ያበረታታ ነበር። ባለሀብቱ ትራክተር ከቀረጥ ነፃ እንዲያስገባ ይፈቀድለት ነበር። ትራክተሮች በአዋሽ ሸለቆ፣ በሰቲት ሁመራ፣ በአርሲም በጭላሎ መታየት ጀመሩ። በጭላሎ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመ ካዱ የሚባል የልማት ድርጅት ነበር። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እርሻን አትራፊ ሲያደርጉ፣ ባለመሬቶች ትራክተር እየገዙ መሬቱን ራሳቸው ማሳረስ ያዙ። ጭሰኛው «ልቀቅ» ተባለ። ሁለት በሬ፣ ሚስትና ልጆች ይዞ በዚያ መሬት ላይ ያረጀ ሰው በአንድ ሹፌር ተተካ።

በጨፋም ሜዳው ባዶ አልነበረም። ጨፋ በቦርከና ወንዝ ዳር የተዘረጋ፣ ረግረግ ያለበት ሜዳ ነው። ወንዙ ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ በአዋሽ አቅጣጫ ይሄዳል። በበጋ ሌላው ቦታ ሲደርቅ ጨፋ ሣር አያጣም። በዚህ ምክንያት የኦሮሞና የአፋር ከብት አርቢዎች በድርቅ ወራት ከብቶቻቸውን እዚያ ያወርዳሉ። ይህ የድሮ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በደረሰው ድርቅ ጨፋ ለ50,000 ሰዎችና ለ200,000 እንስሳት መጠጊያ መሆኑን የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ጽፈዋል። እንግዲህ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የንግድ እርሻ ወደዚህ ሜዳ ሲገባ፣ የገባው ሰው ወዳልነበረበት መሬት አልነበረም። ማረሻው ያለፈበት ሁሉ የአንድ ሰው ከብት የሚግጥበት ነበር።

ወደ ታች በአዋሽ ሸለቆም የጥጥ እርሻዎች የአፋርን የበጋ ግጦሽ ያዙ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሀብ ሲመጣ ይህ ጉዳት ጎልቶ ወጣ። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት መጽሐፍ፣ አፋሮችን የጎዳቸው ድርቁ ብቻ እንዳልነበረ፣ የበጋ ግጦሻቸው ለንግድ እርሻ መወሰዱም ጭምር እንደሆነ አመልክተዋል።

ይህን ያነሣሁት ትራክተርን ለመኮነን አይደለም። ብረት ምን ያውቃል? ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ትራክተር ወደዚህ ሜዳ የመጣው የገበሬው መሣሪያ ሆኖ አይደለም። በሬን ተመልከቱ። ገበሬ በሬውን ከጥጃነቱ ያውቀዋል። ሲታመም ከአረማመዱ ይለየዋል፤ ትከሻው ሲቆስል ቀንበሩን ያላላለታል። ትራክተር ግን ባለቤቱ ሌላ፣ ነጂው ሌላ ሆኖ መጣ። ከነጂው የሚፈለገው እንዲነዳ እንጂ የማሽኑን ሆድ እንዲያውቅ አልነበረም። በእኔ አስተያየት የካምቢዮው በሽታ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ። ሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ወደ መንግሥት እርሻነት ተለወጡ፤ ጨፋም የመንግሥት እርሻ ሆነ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በዚያን ጊዜ ናዝሬት ትባል በነበረችው በአዳማ፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቋመ። የቤላሩስ ትራክተር በአገራችን መገጣጠም ጀመረ።

ባለቤቱ ተለወጠ። የነጂው ነገር ግን ብዙም አልተለወጠም። በመንግሥት እርሻዎች ከተለያየ አገር የመጡ ትራክተሮች ይሠሩ ነበር። የአንዱ ኩሽኔታ ለሌላው አይሆንም። መለዋወጫ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ምንዛሪው ደግሞ አይበቃም። አንዲት ትንሽ ዕቃ ጠፍታ ትልቁ ትራክተር ይቆማል። ከዚያ አንዱ ትራክተር ይፈታና ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። አንዴ መፈታት የጀመረ ትራክተር ደግሞ ተመልሶ ሲነሣ እምብዛም አይታይም። ሣር ይበቅልበታል፤ ዶሮ ይሰፍርበታል። መመሪያ መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ወይም በሩሲያኛ ነው። መሣቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል። ሹፌሩ በየቀኑ የሚሰማውን ድምፅ የሚጠይቀው ሰው የለም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ተለወጠ፤ በአማራ ክልልም ከሚሴን ዋና ከተማው ያደረገ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ተቋቋመ። በአገራችን በብዙ ቦታ ትራክተር ያለው ሰው እየዞረ በሰዓት ወይም በሄክታር ሒሳብ ማረስ ጀመረ። የድሮዎቹ ማሲና ቤላሩስ፣ ብዙ እጅ የቀየሩት፣ ቀለማቸው የለቀቀው፣ እስከ ዛሬ ያርሳሉ። አሁን ትራክተሩ ከገበሬው ደጅ ደርሷል። ሲቆምም የሚቆመው በገበሬው ሰዓት ላይ ነው።

በሉ አሁን ወደዚያ ወደ ቆመው ትራክተር እንመለስ። ሹፌሩ ቁልፍ ለማምጣት ተነሥቷል። ቆይ በሉት! ምንም ነገር ከመፍታቱ በፊት በዓይንና በጆሮ የሚታይ ብዙ ነገር አለ።

በመጀመሪያ እጀታዎቹን ተመልከቱ። ማሲ ፈርጉሰን 135 ሁለት የማርሽ እጀታ አለው። አንደኛው ማርሹን ይመርጣል። ሁለተኛው ዝግታን ወይም ፍጥነትን ይመርጣል። የሁለተኛው እጀታ የመካከል ቦታ ለሞተር ማስነሻ የተተወ ባዶ ቦታ ነው። እጀታው እዚያ ላይ ከቀረ፣ በመጀመሪያው እጀታ የፈለጋችሁትን ማርሽ ብታስገቡ ትራክተሩ አይሄድም። አትሳቁ፤ በዚህ ምክንያት ሜካኒክ የተጠራበት ቀን ጥቂት አይደለም።

እጀታው ትክክል ከሆነ መስመራችንን አስታውሱ። ከሞተር ቀጥሎ ያለው ፍሪሲዮን ነው። እንዲህ ይፈተናል። ትራክተሩ ሜዳ ላይ ይቁም። ከፊቱም ከኋላውም ሰው ይራቅ። ፍሬን ይያዝ። ከፍተኛ ማርሽ ይግባ። ከዚያ ፔዳሉ ቀስ ተብሎ ይለቀቅ። ሞተሩ ታፍኖ ሊጠፋ ከደረሰ ፍሪሲዮኑ ይዟል ማለት ነው። ሞተሩ ምንም እንዳልተነካ መዞሩን ከቀጠለ ግን ዲስኮው ይንሸራተታል፤ የሚያዝ ነገር አጥቷል። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ደግሞ ጥርጥር የለውም። ፈተናው ከጥቂት ሰከንድ አይለፍ፤ ፈተናው ራሱ ዲስኮውን ይበላዋል።

ዲስኮ ለምን ያልቃል? በጨፋ ዋነኛው ምክንያት ጭቃው ነው። ጎማው ዋልካ ውስጥ ሲሰምጥ ሹፌሩ ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለ በፍሪሲዮን ሊያወጣው ይታገላል። እያንዳንዱ ትግል ከዲስኮው ላይ ይላጫል። ሌላው ምክንያት የእግር ልማድ ነው። ብዙ ሹፌር እየነዳ እግሩን ፔዳሉ ላይ ያሳርፋል። የተረገጠ አይመስለውም፤ ግን በግማሽ ተረግጧል። በግማሽ የተረገጠ ፍሪሲዮን ሁልጊዜ ይንሸራተታል።

ለዚህ ነው ፔዳሉ ከላይ ጥቂት ባዶ እንቅስቃሴ ሊኖረው የሚገባው። በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉት። መጀመሪያ ሳይከብድ ትንሽ ይወርዳል፤ ከዚያ ይከብዳል። ያ ሳይከብድ የሚወርደው ነው ባዶ እንቅስቃሴው። ዲስኮው እያለቀ ሲሄድ ይህ ባዶ እንቅስቃሴ ይጠባል። ጨርሶ ከጠፋ ፔዳሉ ባይረገጥም ፍሪሲዮኑ እንደ ተረገጠ ይሆናል፣ ትራክተሩም አይሄድም። በጣም ከሰፋ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ፔዳሉ እስከ ታች ቢረገጥም ፍሪሲዮኑ አይለያይም፤ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል፣ ጥርሱም ይሰበራል። ሁለቱም የሚስተካከለው ከፔዳሉ ሥር ባለው ዘንግ ላይ ዳዶ በማላላትና በማጥበቅ ነው። ልኩ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ በቁጥር ተጽፏል። ቋንቋው የባዕድ ቢሆንም ቁጥሩ አንድ ነው፤ ቁጥር ደግሞ ታነባላችሁ።

ትራክተሩ ክረምቱን ሙሉ ሳይነሣ ከቆመስ? ዲስኮው ዝጎ ከብረቱ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ያን ጊዜ ፔዳል ተረግጦም ትራክተሩ ልሂድ ይላል። ጥንቁቅ ሰዎች ትራክተር ለወራት ሲያቆሙ ፔዳሉን በእንጨት ወደ ታች ይዘው ያቆዩታል። ዲስኮው ተለይቶ ስለሚከርም አይጣበቅም።

አንዳንዴ ዲስኮው ሳያልቅ የሚንሸራተተው ዘይት ነክቶት ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ዘይት ይንጠባጠባል? ጣታችሁ ላይ ተቀበሉት። ጥቁርና ቀጭን ከሆነ ከሞተሩ የመጣ ነው። ወፍራምና ነጣ ያለ ከሆነ ከካምቢዮው የመጣ ነው። ዘይት የሚይዘው ላስቲክ የቱ እንዳለቀ ትራክተሩ ራሱ ነገራችሁ ማለት ነው።

አሁን ጆሯችሁን አምጡ። ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ገንዘብ የሚያድነው እርሱ ነው። ሞተሩን አስነሡ፣ ማርሽ አታስገቡ። ፔዳሉን ሳትረግጡ የሚያፏጭ ድምፅ ካለና ፔዳሉን ስትረግጡ ድምፁ ከጠፋ፣ ያለቀው ካምቢዮው ውስጥ ከፊት ያለው ኩሽኔታ ነው። ድምፁ የሚመጣው ፔዳሉን ስትረግጡ ብቻ ከሆነ ግን ያለቀው ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ነው፤ ካምቢዮው ደኅና ነው። በአንድ ማርሽ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ የዚያ ማርሽ ጥርስ ተጎድቷል። በሁሉም ማርሽ የሚጮኽ ከሆነ ዘይቱን ተመልከቱ፤ ጎድሏል፣ ወይም ኩሽኔታዎቹ አልቀዋል። ትራክተሩ ሲታጠፍ ብቻ የሚንቋቋ ከሆነ ደግሞ ካምቢዮውን ተዉት፤ ነገሩ ዲፈረንሻል ዘንድ ነው።

ዘይቱን ካነሣን፣ መለኪያውን መዝዛችሁ ቀለሙን እዩ። እንደ ወተት ነጥቶ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ትራክተር ዝናብ ላይ ሲያድር ውሃ በተቀደደ የማርሽ እጀታ ላስቲክ በኩል ይገባል። በማሲ ፈርጉሰን 135 የካምቢዮውና ማረሻውን የሚያነሣው ክፍል ዘይት አንድ ነው። ስለዚህ ውሃው ሁለቱንም ይጎዳል። ጥርጣሬ ካላችሁ ትራክተሩ አንድ ሌሊት ሳይነሣ ይደር። ጠዋት የታችኛውን መዝጊያ ቡሎን በጥቂቱ ብቻ አላሉት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ቀድሞ የሚወጣው እርሱ ነው። ዘይቱ ግን ጨርሶ ነጥቶ ከሆነ በሙሉ መለወጥ አለበት። የአንድ ላስቲክ ዋጋና የአንድ ካምቢዮ ዋጋ አይወዳደርም።

ማርሽ እየሠራ ሳለ ብድግ ብሎ የሚወጣ ከሆነ፣ ማርሹን በቦታው የሚይዘው ሞላ ደክሟል፣ ወይም ጥርሱ ተበልቷል። ይህ ሜዳ ላይ ቀላል ነገር ይመስላል። ቁልቁለት ላይ ግን ሰው ይገድላል። እህልና ሰው ጭኖ ከደጋው ወደ ጨፋ የሚወርድ ባለ ተጎታች ትራክተር አስቡ። ማርሹ ወጣ። እንደነዚህ ባሉ አሮጌ ካምቢዮዎች እየሄዱ ማርሽን መልሶ ማስገባት አይቻልም ማለት ይቀላል። የቀረው ፍሬን ብቻ ነው፤ ፍሬኑ ያን ሁሉ ጭነት አይችልም። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት የሚለቅ ሹፌር ደግሞ ሆን ብሎ ያንኑ ያደርጋል። እንደዚህ ያለ ሹፌር ካያችሁ ከተጎታቹ ውረዱ። በእግር መሄድ ይሻላል።

የማሲው ማርሽ ሁለት ቦታ ገብቶ እጀታው አልነቃነቅ ሲልም ብዙዎች ካምቢዮ ተሰበረ ብለው ይደነግጣሉ። ብዙ ጊዜ አልተሰበረም። ሞተሩ ይጥፋ። የላይኛው ክዳን ይከፈት። ውስጥ ያሉት ሹካዎች ከመስመር ወጥተው ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ ይዘው ይገኛሉ። የሚያውቅ ሰው በብረት ዘንግ ቀስ አድርጎ ወደ መካከል ይመልሳቸዋል። ቤላሩስ ላይ ደግሞ ማርሽ ሲገባ ብቻ የሚንቋቋ ከሆነ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ የካምቢዮውን ዘንግ የሚያቆም ትንሽ ፍሬን አለው፤ መጀመሪያ የሱ ልክ ይታይ። ቤላሩስ ቆሞ እንጂ እየሄደ ማርሽ አይለወጥበትም።

አንድ ደብተር ትራክተሩ ላይ ይኑር። ትራክተር እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ሳይሆን የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ አለው። ዘይት ሲለወጥ ሰዓቱን ጻፉ። አዲስ ድምፅ ሲሰማ ቀኑን ጻፉ። አንድ መስመር ይበቃል።

ያ የጨፋ ሹፌርስ? ቁልፉን አስቀምጦ ፔዳሉን በእጁ ጫን አደረገው። ባዶ እንቅስቃሴ የለውም፤ ወዲያው ከበደ። ከሥር ገብቶ ዳዶውን አላላ፣ ዘንጉን ጥቂት ዙር አዞረ፣ መልሶ አጠበቀ። ትራክተሩ ሄደ። ዲስኮው ግን ሳስቷል፤ ያንን እጁ ነግሮታል። ከዚህ እርሻ በኋላ ብዙ አይቆይም። ለገበሬው ይህንኑ ነገረው። ማሽላው እስኪዘራ ድረስ ከፍተኛ ማርሽ ሳያስገባ፣ ጭቃ ወዳለበት ጥግ ሳይጠጋ ሊያርስ ተስማሙ። ያን ማታ ደብተሩ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሰኔ 14። ፍሪሲዮን ተስተካከለ። ዲስኮ ይገዛ።»